ዶክተር ሂዩ ትራወልና የካምፓላ ሕፃናት

ካምፓላ እንደ አዲስ አበባ በኮረብታዎች ላይ የተቈረቈረች ከተማ ናት። በአንደኛው ኮረብታ ላይ የቡጋንዳ ነገሥታት ግቢ፣ በሌላው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን፣ በሌላው ደግሞ በ1922 የተመሠረተው የማኬሬሬ ትምህርት ቤት ይታያል፤ ሙላጎ በሚባለው ኮረብታ ላይ ያለው ግን የመንግሥት ሆስፒታል ነው። በዚህ ሆስፒታል ከ1935 እስከ 1958 ድረስ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ያህል፣ በሽተኛ ሲያክሙና ተማሪ ሲያስተምሩ የኖሩ አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ነበሩ። ስማቸው ሂዩበርት ኬሪ ትራወል ነው፤ በወዳጆቻቸው ዘንድ ሂዩ ተብለው ይጠሩ ነበር። በዚህ ታሪክ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የዶክተር ትራወል ስም በሕክምና ትምህርት ዓለም የሚነሣው ክዋሺኦርኮር ከተባለው የሕፃናት በሽታ ጋር ነው። ታሪካቸው ግን የአንድ በሽታ ታሪክ ብቻ አይደለም። የተማረ ሰው ከመጽሐፍ ያገኘውን ስም በበሽተኛው ፊት ቆሞ እንደ ገና መመርመር እንደሚገባው፣ በአጉሊ መነጽር ሥር የተገኘውም ዕውቀት እናቲቱ ወጥ ቤት እስኪገባ ድረስ ሥራው ግማሽ ሆኖ እንደሚቀር የሚያስረዳ ታሪክ ነው። ስለዚህ ከሐኪሞች ይልቅ ለመምህራን የሚሰጠው ትምህርት አያንስም።

ትራወል በ1904 በእንግሊዝ አገር ተወለዱ። ሕክምናን በለንደን ከተማ በሴንት ቶማስ ሆስፒታል ተማሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማርጋሬት ሥዕልንና የመምህርነትን ሥራ ያጠኑ ሴት ነበሩ። ባልና ሚስቱ በ1929 ወደ ኬንያ ሄዱ፤ ትራወልም በዚያ በቅኝ ግዛቱ የሕክምና አገልግሎት ውስጥ ሥራ ጀመሩ።

በኬንያ ሳሉ አንድ ዓይነት ሕመም ያለባቸው ሕፃናት ያጋጥሟቸው ነበር። ልጆቹ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜያቸው ከአንድ እስከ አራት ዓመት ነው። ፀጉራቸው ጥቍረቱን ለቆ ወደ ቀይ ያደላል፤ ቆዳቸው እየጠቈረ እንደ አሮጌ ቀለም ይላላጣል፤ እግራቸውና ፊታቸው ያብጣል። መጫወት ይተዋሉ፤ የቀረበላቸውን ምግብ ይገፋሉ፤ ዝም ብለው ያለቅሳሉ። እብጠቱ ክሳታቸውን ስለሚሸፍነው፣ ለማያውቅ ሰው ልጁ የተራበ ሳይሆን የወፈረ ይመስለዋል። አንዳንዱ ሐኪም የሆድ ትል ነው ይል ነበር፤ ሌላው ከወላጅ የመጣ የቂጥኝ በሽታ ነው ይል ነበር። ለትሉም ለቂጥኙም መድኃኒት ይሰጣል፤ ልጁ ግን ይሞታል።

በዚያው ዘመን በአህጉሩ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በዛሬይቱ ጋና፣ ሲሲሊ ዊልያምስ የተባሉ በጃማይካ የተወለዱ ሴት ሐኪም ይህንኑ በሽታ ተመልክተው በ1933 ጻፉ። በ1935 ደግሞ በአክራ አካባቢ የሚነገረው የጋ ቋንቋ ለበሽታው የሰጠውን ስም ለዓለም አስታወቁ። ክዋሺኦርኮር ማለት ታናሹ ሲወለድ ከእናቱ ጡት የተባረረ ልጅ የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። የአገሩ ሰው ለበሽታው ስም ሲያወጣ መንሥኤውን አብሮ ተናግሮ ነበር። ሐኪሞቹ ግን ይህን ምስክርነት ወዲያው አልተቀበሉትም፤ ከታወቁት ሊቃውንት አንዳንዶቹ የዊልያምስን ጽሑፍ ተቃውመው በሽታው ፔላግራ እንጂ ሌላ አይደለም አሉ። ፔላግራ ማለት በቆሎ ብቻ በሚበሉ ሰዎች ላይ የሚታይ፣ በአንድ ቫይታሚን ጉድለት የሚመጣ የቆዳና የአእምሮ ሕመም ነው።

ትራወል በ1935 ወደ ካምፓላ ተዛውረው በሙላጎ ሆስፒታል ሐኪም፣ ከሆስፒታሉ ጋር በተያያዘው የሕክምና ትምህርት ቤት ደግሞ መምህር ሆኑ። ይህ ትምህርት ቤት በ1924 የተቋቋመ ሲሆን የምሥራቅ አፍሪካን ልጆች ለሕክምና ሥራ ያሠለጥን ነበር። ወይዘሮ ማርጋሬትም ሥራ ፈት ሆነው አልተቀመጡም። በ1937 ጥቂት ተማሪዎችን ሰብስበው ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ማስተማር ጀመሩ፤ ይህም ትምህርት አድጎ በማኬሬሬ ስማቸውን የያዘ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሆነ። ባል በአንዱ ኮረብታ፣ ሚስት በሌላው ሲያስተምሩ ኖሩ ማለት ነው።

ትራወል በካምፓላም እነዚያን የሚያብጡ ልጆች አገኟቸው። በመጀመሪያ እርሳቸውም ከብዙዎቹ ጋር ተስማምተው በሽታው ፔላግራ ነው ብለው አመኑ፤ በ1937ም ይህንኑ በአፍሪካ ሕፃናት ስለሚታይ ፔላግራ በሚል አርእስት ጽፈው አሳተሙ። በዚያው ዓመት ፔላግራን የሚያድነው ኒኮቲኒክ አሲድ የተባለው ቫይታሚን ታወቀ። ትራወል እንደ ጻፉት ቢሆን ኖሮ ይህን መድኃኒት የተቀበለ ልጅ ሁሉ መዳን ነበረበት። ዳሩ ግን መድኃኒቱ ተሰጠ፤ ልጆቹም አልዳኑም።

አንድ መምህር በጽሑፍ ያወጣውን አሳብ እንደ ገና መተው ምን ያህል እንደሚከብደው የታወቀ ነው። ተማሪዎቹ ሰምተውታል፤ የሙያ ባልደረቦቹ አንብበውታል፤ ስሙም ተጽፎበታል። ትራወል ግን የልጆቹን ሞት አይተው ስሙን ተዉት። ከኡጋንዳዊው ሐኪም ከዶክተር ሙዋዚ ጋር ሆነው በ1945 ባሳተሙት ጥናት በሽታውን ከፔላግራ ለይተው ከባድ የምግብ ጉድለት ብለው ጠሩት። የሙዋዚ ተባባሪነት እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም፤ በሙላጎ የሠለጠኑ የአገሩ ልጆች ምርመራውን ከመምህሮቻቸው ጋር እኩል ይዘው እንደ ሠሩ ያሳያልና። ትራወል በኋላ የዊልያምስን ስም ተቀብለው እርሳቸውም ክዋሺኦርኮር ብለው ጻፉ።

በሽታው ፔላግራ ካልሆነ ምን እንደ ሆነ ደግሞ መመለስ ያስፈልግ ነበር። በቡጋንዳ ዋናው ምግብ ማቶኬ ነው። ማቶኬ ጥሬው ሙዝ ተልጦ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ፣ በእንፋሎት በስሎና ተድጦ የሚቀርብ ጣፋጭ ምግብ ነው። ከደቡብ አገራችን ቆጮ ጋር የሚያመሳስለው ነገር አለው፤ ሆድ ይሞላል፣ ጉልበትም ይሰጣል፤ ነገር ግን ከ100 ግራም ማቶኬ የሚገኘው ፕሮቲን 1 ግራም ያህል ብቻ ነው። ትልቅ ሰው ከባቄላ፣ ከለውዝ፣ ከዓሣና ከሥጋ ጋር ስለሚበላው አይጎዳም። ጡት የጣለ ሕፃን ግን ማቶኬውን ብቻ በልቶ ሊያድር ይችላል። ጠግቦ ያድራል፤ ሆኖም ሰውነቱ የሚታነጽበት ነገር ይጎድለዋል።

ምርመራውን ወደ ሰውነት ውስጥ ያስገቡት በሙላጎ የሬሳ ምርመራ ሊቅ የነበሩት ዶክተር ጆን ዴቪስ ናቸው። ዴቪስ በዚህ በሽታ የሞቱ ሕፃናትን ብልቶች በአጉሊ መነጽር መርምረው በ1948 ውጤቱን አሳተሙ። ጉበታቸው በስብ ተሞልቶ ነበር፤ ይህን ሌሎችም አይተውታል። የዴቪስ ዐይን የዐረፈው ግን በቆሽት ላይ ነው። የቆሽቱ ሕዋሳት ኰስምነዋል፤ በጤነኛ ሰው ሕዋስ ውስጥ ተደርድረው የሚታዩት የኤንዛይም ከረጢቶችም ጠፍተዋል። እንደ ዴቪስ አሳብ ጉዳቱ አስቀድሞ የሚጀምረው ከዚህ ነበር።

የዚህን ነገር ክብደት ለመረዳት የቆሽትን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። ቆሽት ከጨጓራ በስተጀርባ ተጋድሞ የሚገኝ ብልት ነው። አንደኛው ሥራው ኢንሱሊንን ወደ ደም መላክ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሥራው ምግብን የሚያልመውን ፈሳሽ ወደ አንጀት ማፍሰስ ነው። ይህን ፈሳሽ የሚያዘጋጁት ሕዋሳት እንደ ወይን ዘለላ በቀጫጭን ቧንቧዎች ጫፍ ላይ ተሰብስበው ይኖራሉ። እያንዳንዱ ሕዋስ በአንድ ወገኑ ከደም ሥር ጋር ይጎራበታል፤ በዚያም በኩል አሚኖ አሲድ የሚባለውን፣ ፕሮቲን ሲፈጭ የሚገኘውን ጥቃቅን ነገር ይቀበላል። የተቀበለውን እያያያዘ ኤንዛይም ይሠራል፤ ኤንዛይሙንም በከረጢት እያሸገ በሌላው ወገኑ፣ በቧንቧው ጫፍ አጠገብ ያከማቻል። ጆርጅ ፓላዴ የተባሉት ሊቅ ይህን የሕዋስ ሥራ ከመነሻው እስከ መድረሻው በኒው ዮርክ የተከተሉት በዚሁ በቆሽት ሕዋስ ላይ ነው፤ ስለዚህም ሥራ በ1974 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ከረጢቶቹ ሞልተው መቀመጣቸው ብቻ ግን ለልጁ አይጠቅመውም፤ በጊዜው የሚከፍታቸው ትእዛዝ ያስፈልጋል። ምግብ ወደ አንጀት ሲወርድ ከነርቮችና በደም ከሚላኩ ሆርሞኖች ለቆሽት ሕዋስ መልእክት ይደርሰዋል። መልእክቱ ከሕዋሱ ቆዳ ውጭ ይቀራል፤ ወደ ውስጥ የሚያስተላልፈው ካልሲየም ነው። ካልሲየም ለብዙ ሰው የአጥንትና የጥርስ ነገር ብቻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ እንደ ነጋሪት ሆኖ ያገለግላል። በዕረፍት ጊዜ በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘው ካልሲየም ከሕዋሱ ውጭ ካለው አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። መልእክቱ ሲደርስ በሕዋሱ ውስጥ ካለው ጎተራ ካልሲየም በድንገት ይለቀቃል፤ በዚህ ጊዜ ከረጢቶቹ ከሕዋሱ ቆዳ ጋር ተጋጥመው ይከፈታሉ፤ ኤንዛይሙም ወደ ቧንቧው ይፈስሳል። ጎተራውን የሚከፍተው መልእክተኛ ምን እንደ ሆነ በ1983 የተገለጠውም በዚሁ በቆሽት ሕዋስ ላይ በተደረገ ምርምር ነው።

ነጋሪት ግን ሲጎሰም ብቻ ሳይሆን ዝም ሲልም ሊታወቅ ይገባል። ሳያቋርጥ የሚጎሰም ነጋሪት ትእዛዝ ሳይሆን ሽብር ነው። ካልሲየሙን በቦታውና በጊዜው የሚወስኑት፣ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉት የሕዋሱ ጥቃቅን ብልቶች ናቸው። እነዚህ ምግብን ከኦክሲጅን ጋር አዋሕደው ለሕዋሱ ሥራ የሚሆነውን ኃይል የሚያወጡ ምድጃዎች መሆናቸው በየትምህርት ቤቱ ይነገራል። ካልሲየምን ወደ ውስጣቸው እንደሚስቡ ደግሞ በ1961ና በ1962 በተደረጉ ጥናቶች ታወቀ፤ ካልሲየሙ የሚያልፍበት በር ከምን ፕሮቲን እንደ ተሠራ የተገኘው ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በ2011 ነው። በቆሽት ሕዋስ ውስጥ ብዙዎቹ ሚቶኮንድሪያ የኤንዛይሙን ከረጢቶች እንደ መታጠቂያ ከበው ይቀመጣሉ። ካልሲየም ሲለቀቅ የተረፈውን ይወስዳሉ፤ ስለዚህ ትእዛዙ በከረጢቶቹ አካባቢ ተወስኖ ይቀራል። የወሰዱት ካልሲየም ደግሞ ምድጃቸውን ያነድዳል፤ ሥራ በበዛበት ሰዓት ኃይል ይበዛል ማለት ነው። በዚህ ኃይል የሚሠሩ ፓምፖች የቀረውን ካልሲየም ወደ ጎተራው ይመልሱታል፣ ወደ ውጭም ያስወጡታል፤ ሕዋሱም ያርፋል። ሚቶኮንድሪያ ከደከሙ ፓምፖቹ ይቆማሉ፤ ካልሲየሙ በዝቶ ይቀራል፤ ኤንዛይሞቹም ሳይፈስሱ በውስጥ ነቅተው ቤታቸውን ራሱን ይበላሉ።

እንግዲህ የካምፓላው ሕፃን ምን ዓይነት ወጥመድ ውስጥ እንደ ገባ ከዚህ ይታወቃል። ኤንዛይም ራሱ ፕሮቲን ነው። ሚቶኮንድሪያም የሚታነጹት ከፕሮቲንና ከስብ ነው። ፕሮቲን የጎደለበት ሕዋስ ፕሮቲንን የሚያልመውን ኤንዛይም መሥራት አይችልም፤ ኤንዛይም የሌለው አንጀት ደግሞ ምግብ ቢቀርብለትም ፕሮቲኑን ፈጭቶ ለሕዋሱ መስጠት አይችልም። ትእዛዙ ቢደርስም የሚከፈት ከረጢት የለም። ልጁ በመሶብ ፊት ተቀምጦ ይራባል።

ስለ ካልሲየምና ስለ ሚቶኮንድሪያ ከላይ የተነገረው አብዛኛው ዕውቀት ትራወል በሙላጎ ሲሠሩ ገና አልተገኘም ነበር። እርሳቸው ያላቸው የዴቪስ ምስክርነት ብቻ ነው፤ ይህም ከሞቱ ልጆች የተገኘ ነው። በሕይወት ያለው ልጅ ቆሽት ምን ያህል እንደሚያፈስስ ለማወቅ ትራወል ቶምሰን ከተባሉ ባልደረባቸው ጋር አንድ ምርመራ አደረጉ። በቀጭን ቱቦ ከቀጭኑ አንጀት መጀመሪያ ፈሳሽ ቀድተው ስታርችን፣ ስብንና ፕሮቲንን የሚያልሙትን ሦስት ዓይነት ኤንዛይሞች ለኩ። በ1952 ያሳተሙት ውጤት ግልጽ ነበር፤ ልጆቹ ወደ ሆስፒታል ሲገቡ ኤንዛይሞቹ እጅግ ያነሱ ነበሩ። ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት እየተሰጣቸው ሲታከሙ ግን መጠኑ በፍጥነት ከፍ አለ። ይህ ትልቅ የምሥራች ነበር፤ ሕዋሱ ተዳክሞ ነበር እንጂ አልሞተም፤ የሚሠራበት ነገር ሲያገኝ ወደ ሥራው ተመለሰ። የወተቱ ቅባት እንዲወጣ የተደረገውም ቆሽቱ የደከመበት ልጅ ስብን ማላም ስለሚቸግረው ነው።

በ1950 የዓለም የጤና ድርጅትና የምግብና የእርሻ ድርጅት ብሮክና ኦትሬ የተባሉ ሁለት ሊቃውንትን ልከው በሽታውን በአፍሪካ አገሮች አስመረመሩ፤ መግለጫቸውም በ1952 ወጣ። በ1954 ደግሞ ትራወል፣ ዴቪስና በካምፓላ የሕፃናት የምግብ ጉድለት ምርምር ክፍል አለቃ የነበሩት ዶክተር ሬክስ ዲን ሦስት ሆነው ክዋሺኦርኮር የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። በትልና በቂጥኝ ስም ሲቀበር የኖረ በሽታ በዚህ መጽሐፍ የራሱን ስፍራ አገኘ።

የካምፓላ ታሪክ ግን በድል ብቻ አልተሞላም። ለምርመራው የልጆች ደም ይቀዳ፣ ከጉበታቸውም ናሙና ይወሰድ ነበር። ይህ ሥራ ለምን እንደሚደረግ ላልተነገራቸው ወላጆች የሚያስፈራ ነገር ነበር፤ በሆስፒታሉና በሕዝቡ መካከልም ጥርጣሬ አደረ። ወተቱም ሌላ ችግር አመጣ። ሕፃናት በወተት ዱቄት ሲድኑ ያየች እናት መድኃኒቱ ከውጭ የሚመጣው ዱቄትና ጡጦው ነው ብላ ብታምን አይፈረድባትም። ገንዘብ ሲያጥራት ዱቄቱን በብዙ ውሃ ታቀጥነዋለች፤ ውሃው ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ ተቅማጥ ይከተላል። የዳነ ልጅም ወደ ቤቱ ተመልሶ ያንኑ ማቶኬ ብቻ ከበላ ከወራት በኋላ ወደ ሆስፒታሉ ይመለሳል። ሐኪሙ በሽታውን አውቆታል፤ እናቲቱ ግን አላወቀችውም ነበር።

ይህን ጉድለት ለመሙላት በ1965፣ ትራወል ከካምፓላ ከወጡ በኋላ፣ በሙላጎ ምዋናሙጊሙ የተባለ የምግብ ማስተማሪያ ክፍል ተከፈተ። በጋንዳ ቋንቋ ስሙ ጤናማ ልጅ ማለት ነው። በዚህ ክፍል እናቲቱ ከታመመው ልጅዋ ጋር ትቀመጣለች። ኪቶበሮ የተባለውን ቅልቅል ምግብ፣ ማቶኬን ከባቄላ፣ ከለውዝና ከሌላ ሁሉ በአካባቢዋ ከሚገኘው ጋር አዋሕዳ በራስዋ እጅ ታበስላለች፤ ለልጅዋም ታበላለች። የልጅዋ እብጠት ሲጎድል፣ ሣቁ ሲመለስ በዐይንዋ ታያለች። ከዚያ ወዲያ ማንም ሊያሳምናት አያስፈልግም፤ እርስዋ ራስዋ ለጎረቤቶችዋ መምህር ትሆናለች። በቤተ ሙከራ የተገኘው ዕውቀት ከኮረብታው ወርዶ መንደር የገባው በዚህ መንገድ ነው።

በአገራችንም የሆነው ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። በ1962 በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአዲስ አበባ የሕፃናት አመጋገብ ክፍል ተቋቁሞ ነበር፤ በ1968ም የኢትዮጵያ የአመጋገብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ከእህል፣ ከጥራጥሬና ቅባቱ ከወጣለት ወተት የተዘጋጀው ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብ የመጣው ከዚህ ሥራ ነው። ስሙን የሰማች እናት ትርጕም አልጠየቀችም፤ ልጅዋ እንዲፋፋላት የምትመኝበት ቃል ነውና።

ትራወል በ1958 የካምፓላን ሥራቸውን ፈጸሙ። ወደ እንግሊዝ አገር ተመልሰው ቅስና ተቀበሉ፤ በአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያንም አገለገሉ። ዕረፍታቸው ግን ከምርምር አላራቃቸውም። በሙላጎ ሳሉ፣ በአውሮፓ ብዙ ሰው የሚገድለው የልብ ደም ሥር መዘጋት በአፍሪካውያን ላይ እጅግ ጥቂት መሆኑን አስተውለው ነበር፤ እንዲህ ያለ በሽታ የታየበትን አንድ አፍሪካዊ በሽተኛም በ1956 በጽሑፍ ገልጠዋል። በ1960 ስለ አፍሪካ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ሰፊ መጽሐፍ አወጡ። በኋላም በሙላጎ ባልደረባቸው ከነበሩት ከቀዶ ሐኪሙ ከዴኒስ በርኪት ጋር ሆነው፣ እጅግ የተፈተገና አሰሩ የወጣለት ምግብ በሰው ጤና ላይ የሚያመጣውን ጉዳት በ1975 ባሳተሙት መጽሐፍ አስረዱ። በመጀመሪያው ዕድሜያቸው የምግብን ጉድለት፣ በኋለኛው ደግሞ የምግብን ከመጠን በላይ መጣራት መረመሩ። በ1989 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ሊቃውንት የእርሳቸውን ሥራ ደግሞ አርመውታል። በሽታው በፕሮቲን ጉድለት ብቻ ይመጣል የሚለው አሳብ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። ዛሬ በጽኑ የታመመ ልጅ ወደ ሆስፒታል ሲገባ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች የሚሰጠው ኤፍ 75 የተባለው ወተት በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ1 ግራም ያነሰ ፕሮቲን አለው፤ የተዳከሙት ብልቶች ብዙ ፕሮቲን በአንድ ጊዜ መሸከም አይችሉምና። ፕሮቲኑና ኃይሉ የሚጨመረው ልጁ ከተረጋጋ በኋላ ነው። በ2016 በወጣ ጥናት በማላዊ በጽኑ የምግብ ጉድለት ከተያዙ ሕፃናት ብዙዎቹ ቆሽታቸው ኤንዛይም በበቂ እንደማያፈስስ ታይቷል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ፕሮቲን ያነሰው ምግብ በተሰጣቸው የአይጥ ግልገሎች ጉበት ውስጥ ሚቶኮንድሪያ እንደሚጎዱ፣ ኃይልም እንደሚያንስ፣ ስብም እንደሚከማች አሳይቷል። ዴቪስና ትራወል በካምፓላ በዐይን ያዩት የሰባ ጉበትና የደረቀ ቆሽት ከስድሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በሕዋስ ደረጃ መተርጐም ጀመረ።

ይህ እርማት የትራወልን ስም ዝቅ አያደርገውም። እርሳቸው ራሳቸው የ1937ን ጽሑፋቸውን በ1945 ያረሙ ሰው ነበሩና፣ ሥራቸው በሌላ መታረሙ ለሙያቸው የሚገባ ዕድል ነው። ለመምህር የሚቀረው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፣ በመጽሐፍ የተጻፈው ስም በፊታችን ካለው ልጅ ጋር የማይስማማ ሆኖ ሲገኝ መመርመር የሚገባው ስሙ እንጂ መነቀፍ የሚገባው ልጁ አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ተማሪ በክፍል ውስጥ ደንዝዞ ሲቀመጥ ስንፍና ከማለት በፊት ምን በልቶ እንዳደረ መጠየቅ የመምህሩ ሥራ መሆኑ ነው። በየትምህርት ቤቱ ስለ ሕዋስና ስለ ምግብ የሚሰጠው ትምህርት ፍሬው የሚታወቀው በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ አይደለም፤ ተማሪው ወደ ቤቱ ሲገባ ለታናሹ ከሚቀርበው ሳሕን ላይም ነው።